ቀረጻው ዝዝ ይላል

ዙም ዌይቲንግ ሩም ውስጥ 14 ደቂቃ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ጠብቅ የሚል ጽሁፍ ብቻ ነው ያለው፣ እዛ ማዶ ግን አምስት ሰዎች ስለ በገና እያወሩ ነው። ከአምስቱ አንዳቸውም በገና በአይናቸው አይተው አያውቁም፣ በግምት አይደለም የምለው፣ ጠዋት የእለቱን የግራንት ማመልከቻ ዝርዝር ስናይ ራሳቸው ናቸው ይሄ ደግሞ ምንድነው ሲባባሉ የነበሩት። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት የመሥሪያ ቤቱ ሰራተኛ ቶሎ ብላ አቋረጠችኝ፣ አንተ ስለዚህኛው መናገር አትችልም አለችኝ፣ በጨዋ ደንብ ነው ያለችኝ። ተራው ሲደርስ አስወጣችኝ። የሚያውቀው ስለሚያውቅ ወጣ፣ የማያውቁት ስለማያውቁ ቀሩ።

ቆይ ከስሩ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከዲሲ ወጣ ብሎ። ቀን ሆስፒታል ቢሊንግ እሰራለሁ፣ ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ፣ በአማርኛ፣ ስለዚህ አንባቢዬ ስንት እንደሆነ ገምቱት። የካውንቲያችን የኪነጥበብ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆይ) በየአመቱ ለአርቲስቶች ግራንት ይሰጣል፣ እኔም ሁለት ጊዜ አፕላይ አርጌ ሁለት ጊዜ "እናዝናለን" የሚል ኢሜል ደርሶኛል። ሁለተኛው ላይ ተናድጄ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ረጋ ብላ ሰማችኝና ለምን ፓኔል ላይ አትቀመጥም፣ ሌላው እንዴት እንደሚጽፍ ታያለህ፣ እኛም ሁሌ ሰው እንፈልጋለን አለችኝ። እንዲህ ነው ዳኛ የሆንኩት፣ በንዴት።

እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ግራንት የሚሰጡ ሰዎች አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ፣ መነጽር ያጠለቁ ፕሮፌሰሮች ይመስሉኝ ነበር። የኛ ፓኔል ላይ የነበሩት አንድ የትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማሪ፣ አንዲት ሸክላ ሰሪ፣ የቲያትር ቤት መብራት የሚሰራ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣች የላይብረሪ ሰራተኛ፣ አንድ ሙራል (የግድግዳ ስዕል) የሚስል ወጣት፣ እና እኔ ነን። በቃ ጎረቤት ማለት ናቸው። ነገሩ ከላይ ጀምሮም እንዲሁ ነው፣ ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዘ አርትስ የሚባለው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ራሱ በህግ ፓኔሉ ላይ ባለሙያ ያልሆነ ግን ነገሩን የሚከታተል ሰው የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ የህዝብ ገንዘብ ስለሆነ ባለሙያ ለባለሙያ ብቻ እየተከፋፈለ እንዳይበላው ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚወርድ ስላልገባኝ ብዙ ጊዜ በከንቱ ስናደድ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ላስረዳ። ኢንዳውመንቱ በ1965 ነው በህግ የተቋቋመው፣ በፕሬዝዳንት ጆንሰን ጊዜ። በ2024 በጀቱ 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለአንድ ትልቅ አገር ይቺ ምንም ማለት አይደለችም፣ ከዛ ውስጥ 40 ከመቶው ለስቴቶችና ለክልል የአርት ድርጅቶች ይሄዳል፣ ስቴቱ የራሱን ይጨምርበታል፣ ከዛ ወደ ካውንቲ ይንጠባጠባል። አንድ ግለሰብ አርቲስት በቀጥታ ወደ ፌዴራሉ ሄዶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ኮንግረስ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሩን ዘግቶበታል፣ ለደራሲና ለተርጓሚ ይሰጥ ከነበረው ፌሎሺፕና ከአንዳንድ የክብር ሽልማቶች በስተቀር። የተዘጋበት ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው። በ1990 መድረክ ላይ ብቻቸውን የሚሰሩ አራት አርቲስቶችን ፓኔሉ ይገባቸዋል ብሎ ሲያሳልፍ የኢንዳውመንቱ ሊቀመንበር ከለከላቸው፣ ስራቸው ነውር ነው ተብሎ ጫጫታ ተነስቶ ስለነበር። ተካሰሱ፣ ጉዳዩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ1998 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ መንግስት ገንዘብ ሲሰጥ ጨዋነትን ግምት ውስጥ ማስገባቱ ህገ መንግስት አይጥስም አለ። እንግዲህ የዛ ጠብ ጠባሳ ነው አንድ በገና የሚያስተምሩ ሽማግሌን የካውንቲ በር ላይ የሚያቆማቸው።

ሽማግሌው የኔ ልጅ መምህር ናቸው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

መምህር (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝመንታቸው ውስጥ ልጆች ያስተምራሉ። የእንጨት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሦስት በገና፣ ከላይ ምግብ እየተሰራ የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ልጄን ሁለት አመት አስተምረዋታል፣ እኔም በየወሩ ትንሽ ነገር እሰጣቸዋለሁ፣ ሲቀበሉኝም አይናቸው ጣሪያ ነው የሚያየው። ግራንቱን የጻፈችው ልጃቸው ናት፣ 26 አመቷ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። የጠየቁት 5,000 ዶላር ነው፣ አራት በገና ከአገር ቤት ለማስመጣት፣ 12 ልጅ ክረምቱን ለማስተማር፣ በሁዳዴ ጊዜ ላይብረሪ ውስጥ አንድ ምሽት ለማዘጋጀት። እኔ ፓኔል ውስጥ መሆኔን አያውቁም ነበር፣ እኔም ማመልከቻቸው መምጣቱን ያወቅኩት ፋይሎቹ ሲላኩልኝ ነው፣ 41 ማመልከቻ፣ አራት ሳምንት ተሰጠን።

ከማንበብህ በፊት አንድ ፎርም ትሞላለህ፣ የጥቅም ግጭት የሚሉት። ከዝርዝሩ ውስጥ ዘመድህ አለ? አብረኸው ሰርተሃል? ገንዘብ ተሰጣጥታችኋል? እኔ እዚህ አካባቢ ካሉ ሐበሾች ጋር ገንዘብ ያልተሰጣጣሁት ማን አለና። እድር አለ፣ እቁብ አለ፣ የልጅ ክርስትና አለ፣ የለቅሶ መዋጮ አለ። ሌሎቹ ዳኞች 41 ስም አይተው አንድም ሰው አላውቅም ብለው ፈረሙ፣ እኔ ከሁለት ሐበሾች ሁለቱንም አውቃለሁ። አንደኛዋን ሰርግ ላይ ነው የማውቃት፣ እሱ ችግር የለውም ተባልኩ። መምህርን ግን ልጄን ያስተምራሉ፣ እከፍላቸዋለሁ፣ ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ፣ እንደ ዳኛ ከችሎት ተነሳሁ ማለት ነው።

አሁን ነጥብ አሰጣጡን ስሙኝ። መጀመሪያ ሰራተኞቹ ያጣራሉ፣ የካውንቲው ነዋሪ ነው ወይ፣ በጀቱ ይደመራል ወይ (አይደመርም ብዙ ጊዜ፣ ገቢና ወጪው የማይገናኝ ስንት በጀት እንዳየሁ)። ያለፉት ለኛ ይመጣሉ። የስራው ጥራት 40 ነጥብ፣ ለማህበረሰቡ የሚሰጠው ጥቅም 30፣ ሊሰራ የሚችል ነገር ነው ወይ የሚለው 30። ቤትህ ሆነህ ብቻህን ትሰጣለህ፣ ከዛ ስብሰባ ላይ ስለ እያንዳንዱ አምስት ስድስት ደቂቃ ይወራል፣ ካወራችሁ በኋላ ነጥብህን መቀየር ትችላለህ፣ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከላይ እስከ ታች ይደረደራል፣ ገንዘቡ ያለቀበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል። የኛ መስመር 83.5 ላይ ነው የተሰመረው።

ስለ ማንበቡ እውነቱን ልንገራችሁ? ደክሞኝ ነው ያነበብኩት። ከስራ መጥቼ፣ ልጆች ተኝተው፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ። አስር ገጽ ነው አንዳንዱ። ቪዲዮ ሲልኩ የምታየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ ነው፣ መመሪያውም እንደዛ ነው የሚለው፣ ስለዚህ መግቢያው ላይ ሦስት ደቂቃ ምስጋና ያለበት ቪዲዮ ሞተ ማለት ነው። ያኔ ነው የኔ ሁለቱ "እናዝናለን"ዎች ቁልጭ ብለው የገቡኝ፣ ግጥሜን በአማርኛ ልኬ ትርጉሙን መጨረሻ ገጽ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ማን እዛ ይደርስልሃል?

ሌላው ደግሞ እኛ ስንጽፍ የሚያመን ነገር አለ። ፎርሙ ይሄንን ስራ ለመስራት ከሁሉ የተሻልክ ለምን ሆንክ ብሎ ይጠይቃል። መምህርን ልጃቸው ይሄን ስትጠይቃቸው እግዚአብሔር ያውቃል በይ ብለዋታል። እየቀለዱ አይደለም። እኛ ዘንድ መጽሐፍ የገለበጠ ሰው መጨረሻው ላይ ስሙን ከጻፈ እንኳን ኃጢአተኛው እገሌ ብሎ ነው፣ ስንት የቤተክርስቲያን ስዕል ሰዓሊው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አለ። ፈረንጁ ጎረቤት ግን በዚህች ሳጥን ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ፈር ቀዳጅ፣ ምናምን ብሎ ይሞላል፣ ሙራል ሳይሆን አጥር የቀባ ሰው እንደዛ ብሎ ሞልቶ አይቻለሁ ስላችሁ።

በጀት ላይም ያው ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ድርሻህን አሳይ ይላሉ፣ ኢንዳውመንቱማ ለፕሮጀክት ሲሰጥ አንድ ለአንድ አምጣ ነው የሚለው፣ ግን በጥሬ ብር ብቻ መሆን የለበትም፣ በነጻ የሰጠኸው ጉልበት፣ አዳራሽ፣ ሰዓት ተተምኖ ይቆጠርልሃል። መምህር ስንት አመት ሙሉ በነጻ ያስተማሩት የሰዓቱ 40 ዶላር ቢታሰብ ግራንቱን እጥፍ ያረገው ነበር። ልጃቸው ያንን መስመር ባዶ ነው የተወችው። አባዬ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን በብር ተምኜ ልጻፍ? አለኝ፣ አለችኝ በኋላ። ምን ትላለህ ለዚህ።

እንግዲህ 14 ደቂቃዬን ጠጥቼ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም፣ ፊታቸውን ሳይ ጥሩ የሄደ መሰለኝ። ቀጠልን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የአንድ የዚምባብዌ ሰው ማመልከቻ መጣ፣ ምቢራ ይጫወታል፣ ያቺ በአውራ ጣት የሚነኳት የብረት ጣቶች ያሏት። እኔ ቤቴ ሆኜ የጻፍኩለት ኮሜንት "ስራው ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን ይንኮሻኮሻል፣ ቀረጻው የተሻለ መሆን ነበረበት" የሚል ነው፣ ጥራት ላይ ከ40 27 ሰጥቼዋለሁ። ሳነበው የሙዚቃ አስተማሪው ሳቅ አለና፣ እሱ እኮ የጠርሙስ ክዳን ነው፣ ሆን ብለው ነው ሰሌዳው ላይ የሚያስሩት፣ ድምፁ እንደዛ እንዲሆን ነው የሚፈለገው አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ሸክላ ሰሪዋም ኦ አለች፣ የመብራት ሰራተኛውም ኦ አለ፣ ሦስታችንም ነጥባችንን ከፍ አደረግን፣ ሰውየው አለፈ። እኔም ጎበዝ፣ ተማርኩ ብዬ ረካሁ፣ ወደ ሚቀጥለው ሄድን።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የመምህር ልጅ ደወለችልኝ። ጋሼ፣ አልተሳካም። ኮሜንቶቹን ልላክልህ? አለችኝ። ያኔ ነው ፓኔል ላይ እንደነበርኩ፣ ግን የነሱ ጉዳይ ላይ ከክፍሉ እንደወጣሁ የነገርኳት፣ ዝም አለች ትንሽ፣ ከዛ ላከችልኝ። የዳኞች ስም የለበትም፣ ነጥቡና አስተያየቱ ብቻ ነው። 90፣ 88፣ 86፣ 84፣ እና 62። አማካዩ 82። መስመሩ 83.5 ነበር ብያችኋለሁ። 62 የሰጠው ሰው 70 ቢሰጥ 83.6 ይሆንና ያልፉ ነበር፣ ካልኩሌተር አውጥቼ ሰርቼዋለሁ፣ ሁለቴ።

የ62ቱ አስተያየት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ፕሮጀክቱ ደስ ይላል፣ የናሙናው ቀረጻ ግን ጥራት የለውም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝዝ የሚል ድምፅ አለበት፣ መሳሪያውን በደንብ መስማት አልቻልኩም።

በገና ለማታውቁ፣ አስር ጅማት አለው፣ እያንዳንዱ ጅማት ታች እንጨቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ስር ትንሽዬ ቆዳ ትገባለች፣ እንዝራ ትባላለች። እሷ ናት ያንን ድምፅ የምታመጣው። ቆዳዋ ትንሽ ወዲህ ወይ ወዲያ ከሆነች ድምፁ ይደርቃል፣ ጅማቱ ቲንግ ብሎ ዝም ይላል፣ ክራር አይሉት በገና። መምህር ልጄን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስተማሯት መዝሙር አይደለም፣ ቆዳዋን በጥፍር እየገፉ ዝዝ የሚለውን ማግኘት ነው። ዳኛው መሳሪያውን መስማት አልቻልኩም ያለው መሳሪያውን እየሰማ ነው።

ለመምህር ሄጄ ስነግራቸው ሳቁ። "ዝዝ ካላለማ በገና አይደለም" አሉኝና ቡናዬን ቀዱልኝ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ የጠርሙስ ክዳኑ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያንን 62 የሰጠው ሰው እኔ ነኝ እኮ። በገና ላይ አይደለም፣ ምቢራ ላይ። ልዩነቱ ምቢራ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ መቅረቱ ብቻ ነው፣ አስተማሪው ከሰውየው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ሙዚቃውን ኮሌጅ እያለ ነው የተማረው። እኔ ግን በገናን የማውቀው ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ከሽንኩርቱ ሽታ ጋር። ትልቅ ማህበረሰብ ያለው ሰው ስራውን የሚያውቅ እሱን የማያውቅ ዳኛ ያገኛል። እኛ ትንሽ ስለሆንን ስራውን የሚያውቅ ሁሉ ሰውየውን ያውቀዋል፣ ስለዚህ በተራው ሁሉም ዌይቲንግ ሩም ይገባል።

ህጉ ይነሳ ወይ ብትሉኝ ግን አይነሳ ነው የምላችሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ አልተስማሙኝም። የኛን ኮሚቴዎች አውቃቸዋለሁ። የእገሌ የአጎት ልጅ ነው ተብሎ ስንት ነገር ሲያልፍ፣ የእገሌ ጠላት ነው ተብሎ ስንት ነገር ሲወድቅ በአይኔ አይቻለሁ፣ እኔ ራሴ እዛ ክፍል ውስጥ ብቀር 90 ሳይሆን 100 ነበር የምሰጣቸው፣ በጀቱ ላይ ያለውን ባዶ መስመር አይቼ እንዳላየሁ አልፌ። ነጥብ አልስጥ፣ እሺ። ግን ከመውጣቴ በፊት ዝዝ የሚለው ምን እንደሆነ ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ብወጣ ምን ነበረበት? ወይ ደግሞ በገና የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ከዚህ ካውንቲ ውጪ፣ በስልክ ቢጠየቅ? ይሄን ለሰራተኛዋ ጻፍኩላት፣ ጥሩ ሀሳብ ነው እናየዋለን አለች። እናየዋለን ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ያደገ ሰው ያውቃል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ያሳየኝ የራሳችን ሰው ታሪክ ነው። የቨርጂኒያው ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም በ2008 ናሽናል ሄሪቴጅ ፌሎሺፕ የሚባለውን የፌዴራል ክብር አግኝተዋል፣ በቤተክርስቲያን ዜማ። ይሄ ሽልማት ከ1982 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፣ ዋናው ነገሩ ደግሞ ራስህ አታመለክትም፣ ሌላ ሰው ነው የሚጠቁምህ። አያችሁ? ስለራስህ ከሁሉ እበልጣለሁ ብለህ አትጽፍም፣ የሚያውቅህ ሰው ይጽፍልሃል፣ ማወቁ እዚህ ጋ ጥፋት አይደለም፣ ስራው ነው። ለኛ አይነቱ ሰው የተሰራ ይመስላል። ችግሩ በአመት የሚያገኙት ከመላው አገሪቱ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ነው፣ አራት በገና ለማስመጣት ደግሞ እዛ ድረስ አትሄድም።

አየርላንድ ደግሞ ሌላ ነገር ሞክረዋል። በ2022 ለ2,000 አርቲስት በሳምንት 325 ዩሮ መክፈል ጀመሩ፣ ከ9,000 በላይ ሰው አመለከተ፣ 8,200 ያህሉ መስፈርቱን አሟሉ፣ ከዛ ምን አደረጉ፣ ዕጣ አወጡ። ነጥብ የለ፣ ፓኔል የለ። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ እቁብ እኮ ነው! የእቁብ ዳኛ ማንንም አይዳኝም፣ ዕጣው ሲወጣ ይመለከታል፣ ገንዘቡን ያስረክባል፣ ሰውም አይቀየምም። ከኛ 41 ማመልከቻ ውስጥ ከላይ ያሉት ስድስት ሰባቱ ግልጽ ነበሩ፣ ከታች ያሉት አስራ ምናምኑም ግልጽ ነበሩ። መሃል ላይ ግን ከ80 እስከ 86 የተኮለኮሉት፣ እነሱን የለያቸው ጥራት ነው ብዬ ብምል ውሸት ነው፣ አንድ የደከመው ሰው ማታ አራት ሰዓት ላይ ምን እንደተሰማው ነው የለያቸው። እዛ ላይ ዕጣ ቢወጣ መምህር ባያገኙ እንኳን ቀረጻህ ዝዝ ይላል አይባሉም ነበር።

ለነገሩ ነጥብ ማለፍም መጨረሻ አይደለም። ሜይ 2025 ላይ ኢንዳውመንቱ ፓኔል አልፈው፣ ተፈቅዶላቸው፣ ስራ የጀመሩ ብዙ ድርጅቶችን ግራንታችሁ ተቋርጧል ብሎ በኢሜል አሰናብቷቸዋል። ያኔ የኛዋ የካውንቲ ልጅ ተጨንቃ ነበር፣ የሚንጠባጠበው እንዳይደርቅ።

ዘንድሮ ፓኔል ላይ እንድቀመጥ በድጋሚ ጠየቁኝ፣ አልችልም አልኩ። ዳኛ ከሆንኩ መርዳት አልችልም፣ ከረዳሁ ዳኛ መሆን አልችልም፣ መርዳቱን መረጥኩ። ቀረጻውን ቆርጠን መጀመሪያው ላይ መምህር በጥፍራቸው እንዝራዋን ሲገፉ፣ ድምፁ ከደረቅ ወደ ዝዝ ሲቀየር በቅርበት አሳየን፣ 20 ሰከንድ ነው። በጀቱ ላይ የበጎ ፈቃድ ሰዓቱን ልጃቸው ሞላችው፣ እሳቸው ሳያዩ። የቀረን የፕሮጀክት መግለጫው ሳጥን ነው፣ 150 ቃል ነው የሚቀበለው፣ የኔ 154 ሆነብኝ። በገና ምን እንደሆነ፣ ድምፁ ለምን እንደዛ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ ለማን፣ ሁሉንም አስገብቼ አራት ቃል ተረፈኝ፣ የቱን እንደምቆርጥ ጠፋኝ።

ትናንት ማታ ደውዬ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ።

"አራት ቃል ነው የበዛብህ?"

"አዎ መምህር።"

"የኔን ስም ከነአባቴና ከነአያቴ ጽፈኸዋል፣ ከማዕረጉ ጋር አራት ነው። እሱን አውጣው።"